የፊደል ማስተማሪያ አፕ እየሰራሁ ድምፁ አስቸገረኝ፣ ይዘገያል፣ ሰ እና ፈ አይለዩም፣ ሳይዙም አብጧል

ሀሁ_ለልጆች፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እርዳታችሁን ፈልጌ ነው እህታችሁ። በዩኒቲ (ጌምና አፕ መስሪያ ፕሮግራም) የአማርኛ ፊደል ማስተማሪያ አፕ እየሰራሁ ነው፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ልጁ ፊደሉን ሲነካው ይነበብለታል፣ ከዛ ደሞ ድምፁን ሰምቶ ከአራት ፊደል ውስጥ ትክክለኛውን የሚመርጥበት ጨዋታ አለው። ስዕሉም ኮዱም እየሄደልኝ ነው ግን ድምፁ ላይ ቆሜያለሁ። የድምፅ ነገር ተምሬ አላውቅም፣ ፋይሉን አስገባና ፕሌይ ነው የምለው በቃ።

ያነበበችልኝ እህቴ ናት፣ ደሴ ነው የምትኖረው፣ መምህርት ስለሆነች አነባበቧ ጥርት ያለ ነው። ጥራት እንዲኖረው ብላ በብሉቱዝ ኤርፎኗ ማይክ ቀድታ በቴሌግራም ቮይስ ላከችልኝ፣ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለች በተራ 231ዱንም፣ እኔ ቆራረጥኩት።

አሁን የጎረቤት ልጅ አስሞክሬ ያየሁት ነው የምነግራችሁ። ፊደሉን ሲነካ ድምፁ ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው፣ ልጁ የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ ይነካዋል ከዛ ሦስት አራት ድምፅ ተደራርቦ ይጮሃል። ሁለተኛ "ሰ" ሲባል "ፈ"ን ነካ፣ አንዴ ቢሆን ልጅ ነው እል ነበር ግን ደጋግሞ ነው፣ ከዛ አይኔን ጨፍኜ ራሴ ስሰማው እኔም አልለየሁትም። ሦስተኛ አፑ ከ100 ሜጋባይት አለፈ፣ በዳታ ዳውንሎድ ለሚያደርግ ወላጅ ይሄ ብዙ ነው። ከስር የሚሄድ የ2 ደቂቃ የክራር ሙዚቃም አለኝ፣ አልቆ ሲጀምር ቷ ይላል።

የተሻለ ማይክ ልግዛ? ወይስ የኮድ ችግር ነው? ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ እስቲ።

ማይክ_ያዥ፦

እህቴ ማይክ እንዳትገዢ። ገንዘብሽን ያዢው። ችግሩ ድምፁ የመጣበት መንገድ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ የሰ እና የፈን ነገር ልንገርሽ ምክንያቱም ማስተማሪያ አፕ ላይ ከዚህ የባሰ ነገር የለም፣ ልጁን የተሳሳተ ነገር ነው የሚያስተምረው። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ በኸርዝ ይለካል፣ የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። አናባቢዎቹ አ ኡ ኢ ምናምን ዋና ጉልበታቸው ዝቅ ያለው ላይ ነው፣ ሰ ግን ፉጨት ነው፣ አብዛኛው ጉልበቱ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው ያለው። ኮምፒውተር ድምፅን የሚይዘው በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለካ ነው፣ እናም መያዝ የሚችለው ከፍተኛው ድምፅ የለካበት ቁጥር ግማሽ ነው፣ ይሄ የማይታለፍ ህግ ነው። በሰከንድ 8,000 ጊዜ ከለካ ከ4,000 በላይ ያለው በሙሉ ይቀራል።

የብሉቱዝ ኤርፎን ማይኩ ሲከፈት እንደ ስልክ ጥሪ ነው የሚሰራው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 8,000 ወይም አዲስ ከሆነ 16,000 ልኬት ነው የሚልከው። ስለዚህ የእህትሽ ሰ ፉጨቱ ተቆርጦበት ፈ መስሎ ቀረ። ስልክ ላይ ስም ስንናገር "ሰ ነው ያልከው ፈ?" የምንባባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዛ ላይ ደሞ ቴሌግራም ቮይሱን እንደገና ይጨምቀዋል፣ ሳይዙ እንዲቀንስ ከድምፁ ይጥላል። የጠፋውን ደሞ በምንም ሶፍትዌር አትመልሺውም፣ እንደገና መቅዳት ብቻ ነው።

እንዴት ትቅዳ? በስልኳ በራሱ ማይክ፣ ያለ ኤርፎን፣ የድምፅ መቅጃ አፑ ሴቲንግ ውስጥ ዋቭ (ሳይጨመቅ የሚቀመጠው ዓይነት) ወይም ከፍተኛ ጥራት የሚለውን መርጣ። ቴሌግራም ላይ ስትልክልሽ በቮይስ ሳይሆን በፋይል ትላከው፣ በፋይል ሲላክ አይነካም እንዳለ ነው የሚመጣው። ክፍሉ ውስጥ ማሚቶ እንዳይኖር ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን ከፍታ ፊቷን ወደ ልብሱ አዙራ ታንብብ፣ ከኋላዋ ደሞ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይንጠልጠል። ፍሪጁ ይነቀል፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የፍሪጅ ሞተር ድምፅ 50 እና 100 አካባቢ እምምም ይላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ሳይኖር፣ ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ይሻላል። ስልኩ ከአፏ አንድ ስንዝር ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፣ ፊት ለፊት ከሆነ ፐ እና በ ላይ የአፍ ንፋስ ማይኩን ይመታዋል።

መጠኑ ላይ ደሞ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ፣ ጸ ላይ ትጠንቀቅ። እነዚህ ፈንድተው ነው የሚወጡት፣ ለጆሮ ጎልተው ባይሰሙም ሞገዳቸው በቅፅበት ይዘላል። ዲጂታል ላይ ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው፣ ከዛ ካለፈ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል፣ እሱም አይመለስም። ሙከራ ስታደርግ በነዚህ ፊደሎች ትሞክር፣ ከፍተኛው ከዜሮ በታች 6 ወይም 10 ዴሲቤል ላይ ቢቆም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደሞ ልጨምር ብዙ ሰው አያስበውም። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ተብሎ በተራ ሲነበብ ዜማ አለው፣ ሁላችንም የተማርንበት ዜማ ነው፣ ሆ ላይ ወርዶ ነው የሚያርፈው። ያንን ስትቆራርጪው "ሂ" ብቻውን አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል፣ "ሆ" ደሞ የደከመው ሰው ይመስላል። ስለዚህ አቀላቅላ ታንብብ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ትበል፣ መሀለኛውን ነው አብዛኛውን ጊዜ የምንወስደው፣ አንደኛው ይቸኩላል ሦስተኛው ይወርዳል።

ኮድና_ቡና፦

ማይክ ያዥ የቀረጻውን ጨርሶታል፣ እኔ የመዘግየቱንና የሳይዙን ልያዝ።

የመዘግየቱ ነገር አንድ ምክንያት አይደለም፣ ተደማምሮ ነው። ፋይሎችሽን ኦዳሲቲ (ድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም) ላይ ክፈቺና መጀመሪያቸውን አጉልተሽ እይው፣ እርግጠኛ ነኝ ከድምፁ በፊት ባዶ ዝምታ አለ፣ ቆራርጬ ስላልሽ። ሩብ ሰከንድ ዝምታ ካለ ምንም ኮድ ብትፅፊ ሩብ ሰከንድ ይዘገያል። ድምፁ ከሚጀምርበት 5 ወይም 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ቀድመሽ ቁረጪው፣ ግን ከዛ በላይ አትጠጊ፣ ምክንያቱም የጠ እና የቀ መነሻ ከተቆረጠ ተ እና ከ ሊመስሉ ይችላሉ።

ሁለተኛ የዩኒቲ በተን ኦንክሊክ የሚሰራው ጣት ሲነሳ ነው እንጂ ሲያርፍ አይደለም። ትልቅ ሰው ፈጠን አድርጎ ስለሚነካ ልዩነቱን አያየውም፣ የ4 ዓመት ልጅ ግን ጣቱን አሳርፎ ነው የሚያየው፣ አላነሳም እኮ ገና። ፖይንተር ዳውን (ጣት ሲያርፍ የሚሰራው) ላይ አድርጊው። ይሄን ብቻ ቀይረሽ ልዩነቱን ታያለሽ።

ሦስተኛ ፋይሉ ሲነካ ነው ወይ ሎድ የሚደረገው? የፊደል ድምፆችን ዲኮምፕረስ ኦን ሎድ አድርጊና ፕሪሎድ የሚለውን አብሪው፣ ገፁ ሲከፈት ሜሞሪ ላይ ይቀመጣሉ። ሙዚቃው ደሞ ስትሪሚንግ ይሁን፣ እሱ ቢዘገይ ማንም አያውቅም። ፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ ኦዲዮ የሚለው ጋ የዲኤስፒ በፈር ሳይዝ አለ፣ ቤስት ሌተንሲ አድርጊው። በፈር ማለት ጥቅል ነው፣ ድምፅ የሚወጣው በጥቅል በጥቅል ነው፣ ጥቅሉ 1,024 ልኬት ከሆነ በ48,000 ሲካፈል 21 ሚሊሰከንድ ነው፣ አንድ ሁለት ጥቅል ወረፋ ሲይዝ ይደመራል። በአጠቃላይ ከጣት እስከ ድምፅ ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ልጁ "እኔ ነኝ ያናገርኩት" ብሎ ይሰማዋል። ስትሞክሪ ግን በብሉቱዝ ስፒከር አትሞክሪ፣ እሱ ብቻውን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊጨምር ይችላል።

መደራረቡን ደሞ አንድ የድምፅ ማጫወቻ ብቻ አድርጊ፣ አዲስ ሲነካ የበፊቱ ይቁም። ግን በድንገት ካቆምሽው ሞገዱ መሀል ላይ ስለሚበጠስ ቷ ይላል፣ በ15 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቀንሰሽ አቁሚው።

ሳይዙ ቀላል ስሌት ነው። በሰከንድ 44,100 ልኬት፣ እያንዳንዱ 2 ባይት ስለሆነ በ2፣ ስቴሪዮ (የግራና የቀኝ ሁለት ድምፅ) ስለሆነ እንደገና በ2 ሲባዛ፣ በሰከንድ 176,400 ባይት ይመጣል። 231 ፋይል ዝምታውን ጨምሮ 2 ሰከንድ 2 ሰከንድ ከሆነ ወደ 81 ሜጋባይት ነው፣ የ2 ደቂቃው ክራር በዋቭ 21፣ ይኸው 100 አለፈ። አንድ ሰው እያነበበ ስቴሪዮ ምን ያደርጋል? ፎርስ ቱ ሞኖ በይው፣ ግማሹ ሄደ። ዝምታውን ቆርጠሽ 0.7 ሰከንድ አካባቢ ሲቀር ከግማሽ በላይ እንደገና ሄደ። ልኬቱን ከ44,100 ወደ 22,050 ካወረድሽው ደሞ ሌላ ግማሽ።

ከዛ ሁሉ በፊት ግን 231 ፋይል ለምን? ሀ ሐ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ እንደዛው። አምስት ቤት በሰባት 35 ፋይል ቀነሰ፣ 196 ይበቃሻል። ኮዱ ላይ ሠን ወደ ሰ ፋይል ምሪው። 196 በ0.7 ሰከንድ፣ ሞኖ፣ 22,050 ማለት 6 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ያውም ሳይጨመቅ።

ሀሁ_ለልጆች፦

ኧረ ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ፖይንተር ዳውኑን አሁኑኑ ቀየርኩት፣ በድሮው ፋይል እንኳን ለውጡ ይታወቃል።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ፣ ማይክ ያዥ ሰ ከ4,000 በላይ ነው ብለሃል፣ ኮድና ቡና ደሞ ወደ 22,050 አውርጂው አለኝ። ሳወርደው ሰ እንደገና ፈ አይሆንብኝም?

ማይክ_ያዥ፦

አይሆንም፣ 22,050 ሲካፈል ለሁለት 11,025 ነው፣ ሰ እና ሸን ለመለየት ይበቃል። ትንሽ ብሩህነት ይቀንስ ይሆናል፣ በስልክ ስፒከር ግን አይታወቅሽም። ከኮድና ቡና ጋ የምለያየው አንድ ቦታ ነው፣ ዋናውን ቅጂ እንዳታወርጂው። ዋናው በ44,100 ወይም 48,000 ዋቭ ሆኖ ለብቻው ፎልደር ይቀመጥ፣ ኮፒም ይኑረው፣ ወደ አፑ የሚገባውን ብቻ አውርጂ። ከዓመት በኋላ አፑን ለሌላ ነገር ስትፈልጊው እህትሽን እንደገና ቁም ሳጥን ውስጥ አታስገቢያትም። እና ከኤምፒስሪ አትቅጂ፣ የተጨመቀን እንደገና መጨመቅ የተገለበጠ ወረቀትን እንደገና ፎቶ ኮፒ ማድረግ ነው።

ማጥራቱን በተመለከተ፣ ስትቀዳ መጀመሪያ ላይ 5 ሰከንድ ዝም ትበል። ኦዳሲቲ ውስጥ ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለው ያንን ዝምታ እንደ ናሙና ወስዶ ነው ከሌላው ላይ የሚቀንሰው። ግን አታብዢበት፣ ሲበዛ ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል፣ እና መጀመሪያ የሚበላው ያንኑ ሰ እና ፈን ነው።

እናት_ከቨርጂኒያ፦

እኔ የድምፅ ባለሙያ አይደለሁም፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ አሜሪካ ነው የተወለዱት፣ እንዲህ አይነት አፕ ብዙ ሞክረናል እና የማየውን ልንገርሽ ውዴ።

የኔ ልጆች አማርኛ ከኔና ከአባታቸው ውጪ የሚሰሙት ቅዳሜና እሁድ ቤተክርስቲያን ብቻ ነው፣ ስለዚህ የአፑ ድምፅ ለነሱ አስተማሪ ነው፣ እንደሰሙት ነው የሚደግሙት። ፊደል ብቻ ሳይሆን ቃልም ካለው መጥበቅና መላላቱን በደንብ አስነብቢልኝ። "ገና" ብሎ በዓሉና "ገና" ብሎ ያልደረሰው ሲፃፉ አንድ ናቸው፣ "ዋና" ብሎ የውሃውና "ዋና" ብሎ ትልቁ እንደዛው፣ "አለ" ብሎ መናገርና "አለ" ብሎ መኖር። ፅሁፉ አይለየውም፣ ልዩነቱን የሚነግራቸው ጆሯቸው ብቻ ነው። ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፣ "ገና መጣ" የሚለውን እስካሁን አላልቶ ነው የሚለው፣ ካነበበው እንጂ ከሰማው አይደለም የተማረው። ስዕል አድርጊና ሁለቱንም ቅጂላቸው፣ እንደዚህ ያለ አንድም አፕ አላገኘሁም።

ሌላው የማበረታቻው ድምፅ ነው። "በርታ" ሲል ሴቷ ልጄ ዞር ብላ "እኔን አይደለም" አለችኝ፣ አምስት ዓመቷ ነው። እንደተባለችው ያልሆነ ነገር ልጅ ወዲያው ነው የሚያውቀው። ወይ ሲጀምር ወንድ ሴት ብለሽ አስመርጪና ሁለቱንም አስቀጂ፣ ወይ ደሞ "ጎበዝ"፣ "እሰይ"፣ "እንደገና እንሞክር" በይው፣ እነዚህ ለሁሉም ይሆናሉ። አንድ "ጎበዝ" ብቻ አታድርጊ በናትሽ፣ አንዱን ድምፅ ሁለት መቶ ጊዜ ስሰማ መኪና ውስጥ ራሴን ነው የሚያመኝ፣ አምስት ስድስት አይነት ይሁን፣ ተከታትሎም አንዱ አይደገም።

ሲሳሳቱ ደሞ ጥርርር የሚል አስደንጋጭ ድምፅ አለ ብዙዎቹ ላይ። ትንሿ በዛ ምክንያት አፑን ዘጋችው፣ ሁለተኛ አልከፈተችም። ሲሳሳቱ የነኩትን ፊደል ራሱን በቀስታ አንብቢላቸው፣ "ይሄ ፈ ነው" ብቻ። ተሳስተውም ይማሩበታል።

ኮድና_ቡና፦

እናት ከቨርጂኒያ ያሉት የመጨረሻው ነገር ኮድ ላይም ይቀላል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አዲስ ፋይል አያስፈልግም፣ "ይሄ" እና "ነው" ለብቻ ተቀድተው ፊደሉ መሀል ይገባል። ግን ማይክ ያዥ የነገረንን ዜማ አስቢ፣ ሦስቱ ካልተስማሙ የተጣበቀ ይመስላል፣ ስለዚህ ፊደሉ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል፣ "የነካሽው" "የነካኸው" የሚለውም ፆታ ስለሚጠይቅ "ይሄኛው..." ብሎ ትንሽ ዝም ብሎ "ፈ" ቢል በቂ ነው።

እና የሙዚቃውና የንባቡ ድምፅ መጠን ለየብቻ ማስተካከያ ይኑረው እባክሽ። ንባብ ሲጀምር ሙዚቃው በ10 ወይም 12 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፣ ዩኒቲ ሚክሰር ውስጥ ዳክ ቮሊዩም የሚባል አለ። ሁለት ድምፅ ሲደመር ጣሪያውን ሊያልፍ ይችላል፣ ሁለት እኩል የሆኑ ሞገዶች ገጥመው ቢደመሩ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ድምፅ ጠፍቶም የሚሰራ ይሁን፣ መስማት የማይችል ልጅም ሊከፍተው ይችላል፣ ፊደሉ ሲነበብ ቢያንስ ብልጭ ይበል ወይ ከፍ ዝቅ ይበል።

ሀሁ_ለልጆች፦

ተመለስኩ፣ 9 ቀን ሆነኝ። እህቴ እንደገና ቀዳችው፣ በቁም ሳጥኑ ዘዴ፣ በፋይል ላከችልኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስሰማ የመጀመሪያውን እንዴት ጥሩ ነው ብዬ እንደተቀበልኩት አልገባኝም። ሰ ሰ ነው አሁን። ያው ልጅ እንደገና ሞከረው፣ ከአስር አስሩንም ለየ። አፑ ላይ የድምፁ ድርሻ ሙዚቃውን ጨምሮ 8 ሜጋባይት አልሞላም። እናት ከቨርጂኒያ፣ የገናና የዋናውን ነገር ሳነብ ቁጭ ብዬ ነው የቀረሁት፣ 24 እንደዚህ ያሉ ጥንዶች ሰብስቤያለሁ፣ እህቴ በሚቀጥለው ሳምንት ታነባቸዋለች።

የቀረኝ ሙዚቃው ነው። ቷ የሚለው አሁንም አለ። ከበሮም ጨምሬበት ነበር፣ ላፕቶፕ ላይ በሄድፎን ልብ ይነካል፣ ስልኩ ላይ ግን ከበሮው የለም፣ ጣ ጣ የሚል ነገር ብቻ ነው የቀረው።

ክራር_ወዳጅ፦

እህቴ ሙዚቃ ስለሆነ እኔ ልመልስ። ከበሮው አልጠፋም፣ የስልኩ ስፒከር ነው ያልቻለው። ያቺ ትንሽ ስፒከር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አታወጣም፣ የከበሮው የሰፊው አፍ ድምፅ ደሞ ከዛ በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ የምትሰሚው የጠባቡን አፍና የመዳፉን ጥፊ ብቻ ነው። ድምፁን ብትጨምሪው ስፒከሩ ይጨነቃል እንጂ አይወጣም። መፍትሄው የሰፊውን አፍ ምት በትንሹ ሳቹሬሽን ወይም ዲስቶርሽን በሚባለው (ሞገዱን በትንሹ በሚያዛባው ኢፌክት) ማሞቅ ነው፣ ከላይ ያሉ ተከታይ ድምፆች ይወጡለታል፣ ጆሮ እነሱን ሰምቶ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ካልሆነ ከበሮውን ተይና በጭብጨባ ተኪው። ጭብጨባ፣ ክራር፣ ማሲንቆ በስልክ ጥሩ ይሰማሉ፣ መሀል ላይ ያሉ ድምፆች ናቸው።

ቷ ለሚለው ፋይሉ ኤምፒስሪ ነው አይደል? ኤምፒስሪ ሲሰራ ፊትና ኋላው ላይ ትንሽ ባዶ ይጨምራል፣ ስለዚህ ሲዞር ቀዳዳ አለው። ከዋናው ዋቭ ወደ ኦግ (ይሄን ባዶ የማይተው ሌላ የተጨመቀ ዓይነት) ቀይሪው። ያ ብቻ ካልበቃ መቁረጫው ነው፣ የመጨረሻው ሞገድ ዜሮን ሲያቋርጥ ቁረጪ፣ መጀመሪያውም ከዜሮ ይነሳ። ክራር ላይ ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ የመጨረሻው ክር ገና እየጮኸ ነው ሙዚቃው የሚቆረጠው፣ ያ ጭራ ይበጠሳል። ጭራውን ለብቻ ቁረጪና መጀመሪያው ላይ ደርቢው፣ ሲዞር ያለቀው እየሞተ አዲሱ ይነሳል፣ ስፌቱ አይታወቅም። መቁረጫሽ ደሞ ምቱ ላይ ይሁን፣ ምት መሀል ከተቆረጠ ቷ ባይልም ልጆቹ እያጨበጨቡ ከሆነ እጃቸው ይሳሳታል።

ሀሁ_ለልጆች፦

ከበሮውን በጭብጨባ ተካሁት፣ የእህቴ ተማሪዎች ናቸው ያጨበጨቡት፣ 6 ልጆች ክፍል ውስጥ፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅዳ። ጭራውን እንዳልከው ደረብኩት፣ አሁን የት እንደሚዞር እኔም ፈልጌ አላገኘሁትም። እናት ከቨርጂኒያ፣ ጥንድ ቃሎቹ ሲያልቁ መጀመሪያ ለአንቺ ልጆች ነው የምልከው፣ ትንሿ የምትፈራው ድምፅ ካለ ንገሪኝ እቀይረዋለሁ።